ከኮርኒስ በላይ ያለው የአየር ቱቦ ውሃ ያንጠባጥባል፤ የተጎዳውን ክፍል ለይቼ እንዴት ልጠግነው?

ጠያቂ፦

የምኖረው የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ሙቀትና እርጥበት በማይለየው አካባቢ ነው። ቤቱን የሚያቀዘቅዘው ማዕከላዊ የአየር ማቀዝቀዣ ሲሆን፣ በተለምዶ ዳክት የምንላቸው የአየር ቱቦዎች የተዘረጉት በኮርኒሱና በጣሪያው መካከል ባለው ክፍት ቦታ ውስጥ ነው። ከጥቂት ወራት ወዲህ በመኝታ ክፍሉና በመተላለፊያው የአየር መውጫዎች ዙሪያ ኮርኒሱ ቢጫ ቀለበት ማውጣት ጀምሯል፤ አየሩ በጣም በሚከብድባቸው ቀናትም ከመተላለፊያው መውጫ ጠርዝ ላይ ውሃ ጠብ ሲል በዓይኔ አይቻለሁ። ከማሽኑ ርቆ የሚገኘው የመጨረሻው ክፍል ደግሞ ሌሎቹ ከቀዘቀዙ በኋላም ሙቀቱ አይለቀውም። በዚህ ላይ ማሽኑ ሲነሣ ሳይደርቅ የታጠፈ ልብስ የሚመስል ሽታ ለጥቂት ደቂቃዎች ቤቱን ይሞላዋል።

ባለፈው ዓመት የተጠራ ባለሙያ አንዱን መጋጠሚያ በግራጫ የጨርቅ ፕላስተር ጠቅልሎ ችግሩ መፈታቱን ነግሮኝ ነበር። ሰሞኑን መብራት ይዤ ራሴ ወጥቼ ስመለከት፣ የፕላስተሩ ሙጫ ደርቆ ጨርቁ ተንጠልጥሏል። ቱቦዎቹ በከፊል ላሜራ፣ በከፊል ደግሞ በውስጣቸው ጠመዝማዛ ሽቦ ያለባቸው ተጣጣፊ ቱቦዎች ናቸው። ከተጣጣፊዎቹ የአንዱ የውጭ ልባስ ተቀድዶ በውስጡ ያለው ሙቀት የሚከላከል ጥጥ መሰል ፋይበርግላስ ጠቁሮ ይታያል፤ ሌላው በሁለት ማንጠልጠያዎች መካከል ረግቦ ሆድ አውጥቷል። ሁለት ቱቦዎች ተደጋግፈው በተኙበት ቦታ ላይ ደግሞ፣ ምንም ቀዳዳ ሳይታይባቸው፣ ልባሳቸው በውሃ ርሷል። ከሁሉም ይልቅ ግራ ያጋባኝ ይህ የመጨረሻው ነው።

የትኛው ጉዳት በጥገና እንደሚመለስና የትኛው ቱቦውን መለወጥ እንደሚጠይቅ በምን ልለይ? ሽታውስ የሚመጣው ከቱቦው ነው ወይስ ከማሽኑ? በተመሳሳይ አየር ንብረት ውስጥ የሠራችሁ ወይም የኖራችሁ ብትመልሱልኝ አመሰግናለሁ።


የማቀዝቀዣ ጥገና ባለሙያ፦

ያዩትን በዝርዝር ስለጻፉልን መልሱ ይቀልላል። ፕላስተርም ሆነ ማሸጊያ ከማንሣትዎ በፊት ውሃው ከየት እንደመጣ ይለዩ፤ እርጥበት በበዛበት አየር ውስጥ ውሃ የታየበት ቦታና ጉዳቱ ያለበት ቦታ ብዙ ጊዜ ይለያያሉና።

አስቀድመው የማሽኑን የውሃ መሰብሰቢያ ሳህንና የፍሳሽ መስመሩን ይመልከቱ። ቀዝቃዛው ኮይል፣ ማለትም በማሽኑ ውስጥ አየሩን የሚያቀዘቅዘው ጠመዝማዛ ቱቦ፣ ከአየሩ የሚያወጣው ውሃ በዚያ መስመር ወደ ውጭ መሄድ አለበት። መስመሩ በአተላ ከተደፈነ ሳህኑ ሞልቶ ይፈስሳል፤ ውሃውም በኮርኒሱ ጀርባ ተንሸራትቶ ከማሽኑ ርቆ በሚገኝ መውጫ በኩል ብቅ ሊል ይችላል። የሚያፈስሰው ጣሪያው ከሆነ ደግሞ ቀለበቱ የሚሰፋው ዝናብ በዘነበ ማግስት ነው፤ ማሽኑ ብዙ በሠራበት ደረቅ ቀን ላይ አይሰፋም። እነዚህ ሁለቱ ምክንያት እንዳልሆኑ ካረጋገጡ የሚቀረው የቱቦው ላብ ነው።

ላቡ እንዲህ ይፈጠራል። 32 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀትና 70 በመቶ አንጻራዊ እርጥበት ያለው አየር፣ 26 ዲግሪ አካባቢ ወይም ከዚያ በታች የሆነ ገጽ ሲያገኝ ውሃ ይቋጥራል፤ ይህ ልክ የጤዛ ነጥብ ይባላል። በቱቦው ውስጥ የሚሄደው አየር ግን 13 ዲግሪ አካባቢ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ፋይበርግላስ ደረቅና ያልተጨፈለቀ እስከሆነ ድረስ የውጭው ልባስ ከጤዛው ነጥብ በላይ ሞቆ ስለሚቆይ አያልበውም። ልባሱ ሲቀደድ ግን እርጥቡ አየር ፋይበርግላሱን ዘልቆ አየሩን የሚይዘውን ቀዝቃዛ የውስጥ ሽፋን ያገኘውና እዚያው ውሃ ይሆናል። የረጠበ ፋይበርግላስ ሙቀት የመከላከል አቅሙን ያጣል፤ በዚህም ምክንያት ከቀዳዳው አጠገብ ያለው ጤነኛ ልባስ በተራው ይቀዘቅዝና ማላብ ይጀምራል። ጉዳቱ ከአንዲት ቅዳጅ ተነሥቶ የቱቦውን ርዝመት እየተከተለ የሚጓዘው እንዲህ ነው። በደረቅ አየር የልባስ ቅዳጅ ጥቂት ቅዝቃዜ ከማባከን ብዙም አያልፍም፤ በእርጥብ አየር ግን አየር ከማያፈስሰው የውስጥ ሽፋን እኩል ሊጠበቅ ይገባዋል።

ያለ ቀዳዳ የራሱት ሁለቱ ቱቦዎችም በዚሁ ሕግ ይገለጻሉ። በሚነካኩበት መስመር ላይ የአካባቢው ሞቃት አየር ሊደርስና ልባሳቸውን ሊያሞቅ አይችልም፤ አንዱ የሌላውን ቅዝቃዜ እየተቀበለ ገጻቸው ከጤዛው ነጥብ በታች ይወርዳል። እርጥበት ግን በትንሿ ክፍተት ሁሉ ይገባል። መድኃኒቱ ማሸግ ሳይሆን ማራራቅ ነው፤ በመካከላቸው ቢያንስ ከ5 ሴንቲሜትር ያላነሰ ክፍተት እንዲኖር አድርገው ለየብቻ ያንጠልጥሏቸው። በእንጨት ላይ ተጨፍልቆ የተኛ ቱቦም ከሥሩ በተመሳሳይ ሁኔታ ያልበዋል።

የማይቀዘቅዘውን ክፍል በተመለከተ በቀላል ቴርሞሜትር ብዙ ማወቅ ይቻላል። ማሽኑ 15 ደቂቃ ያህል ከሠራ በኋላ ከማሽኑ እንደወጣ በዋናው የአየር ሳጥን ውስጥ ያለውን ሙቀት ይለኩ፤ ቀጥለውም በእያንዳንዱ ክፍል መውጫ ላይ ይለኩ። ልዩነቱ አንድ ወይም ሁለት ዲግሪ ብቻ ሆኖ ነፋሱ ግን ደካማ ከሆነ፣ ቱቦው ተጣጥፏል፣ ረግቧል ወይም መንገድ ላይ አየር እያፈሰሰ ነው። ልዩነቱ አራትና አምስት ዲግሪ ከደረሰ ደግሞ የሙቀት መከላከያው ረጥቧል ወይም ተጨፍልቋል ብለው ይጠርጥሩ። ፍሰቱን ለማግኘት በየመጋጠሚያው አጠገብ የሚጨስ ነገር ይያዙ፤ ጭሱ ከተበተነ አየር እየወጣ ነው፣ ወደ ውስጥ ከተሳበ ደግሞ እየገባ ነው። የረጠበ እጅም ቀዝቃዛ ነፋስን ቶሎ ያውቃል። ወደዚያ ሲወጡ በእንጨት ተሸካሚዎቹ ላይ ብቻ ይርገጡ፤ ጓንትና የአፍ መሸፈኛ ያድርጉ፤ ሙቀቱ ሳይበረታ በማለዳ ይውጡ።

ግራጫው የጨርቅ ፕላስተር ስለመላቀቁ አይገረሙ። በአሜሪካ የሎረንስ በርክሌይ ብሔራዊ ላቦራቶሪ ተመራማሪዎች ማክስ ሸርማንና ኢያን ዎከር በ1998 ልዩ ልዩ ማሸጊያዎችን በሙቀትና በቅዝቃዜ እያፈራረቁ ሲፈትኑ፣ በቱቦ መጋጠሚያ ላይ በተደጋጋሚ የከሸፈው ይኸው በጎማ ሙጫ የተሠራው የጨርቅ ፕላስተር ነበር። ለዚህ ሥራ የተሠራው ማስቲክ የሚባለው በብሩሽ የሚቀባ ወፍራም ማሸጊያ ሲሆን፣ ከፕላስተር ወገን ደግሞ ለአየር ቱቦ ተፈትኖ ዩኤል 181 የሚል የአሜሪካ የፍተሻ ደረጃ ምልክት የታተመበት የአልሙኒየም ፎይል ፕላስተር ነው።


ከዚህ በፊት ተመሳሳይ ችግር የገጠመው የቤት ባለቤት፦

ከእኔ በፊት የጻፉት ባለሙያ የተናገሩትን ሁሉ በቤቴ አይቼዋለሁ፤ ሆኖም እኔን ለሁለት ዓመት ያንከራተተኝ እሳቸው በአጭሩ የነኩት ወደ ውስጥ የሚስበው ቀዳዳ ስለሆነ ጥቂት ልጨምር።

ቀዝቃዛ አየር የሚያደርሱት ቱቦዎች ሲቀደዱ ነፋሱ ስለሚሰማ በቀላሉ ይገኛሉ። አየሩን ከክፍሎቹ ወደ ማሽኑ የሚመልሰው ቱቦ ግን ሲሰነጠቅ ምንም አይናገርም፤ ከኮርኒስ በላይ ያለውን ሞቃት፣ እርጥብና አቧራማ አየር በጸጥታ እየሳበ ማሽኑ ውስጥ ያስገባል። በእኔ ቤት ማጣሪያው በሳምንት ውስጥ ይጠቁር ነበር፤ ማሽኑ ያለማቋረጥ ቢሠራም በክፍሎቹ ውስጥ ያለው አንጻራዊ እርጥበት ከ65 በመቶ አይወርድም ነበር። 25 ዲግሪ ሙቀትና 65 በመቶ እርጥበት ያለው የክፍል አየር የጤዛ ነጥቡ 18 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ፣ የአየር መውጫዎቹ ከታች በኩል፣ ከክፍሉ አየር ራሱ ውሃ ይቋጥሩ ነበር። እርጥበቱ ወደ 50 በመቶ ሲወርድ ነጥቡ ወደ 14 ዲግሪ ይወርዳልና ላቡ በእጅጉ ይቀንሳል። እኔ ይህን ሳላውቅ ቱቦውን ደጋግሜ ስጠቀልል ኖርኩ፤ ስንጥቁ ግን ማሽኑ አጠገብ፣ የመላሹ ሳጥን ከላሜራው ጋር በሚገጥምበት ጥግ ላይ ነበር። ስለዚህ ርካሽም ቢሆን አንድ የእርጥበት መለኪያ በቤትዎ ውስጥ ያስቀምጡ፤ ቁጥሩ ከ60 በላይ ከሆነ በመጀመሪያ መላሹን ቱቦ ይፈትሹ።

በመላሹ ቱቦ አጠገብ በጋዝ ወይም በሌላ ነዳጅ የሚሠራ የውሃ ማሞቂያ ካለ ጉዳዩን ለነገ አያሳድሩት፤ ቀዳዳው የጭስ ማውጫውን አየር ወደ ኋላ ሊስብና መርዛማውን የካርቦን ሞኖክሳይድ ጋዝ ወደ መኝታ ክፍሎች ሊያደርስ ይችላል።

ሌላው የተሳሳትኩት፣ ላቡን አቆማለሁ ብዬ ቱቦዎቹን በልል ፋይበርግላስ ሙሉ በሙሉ መቅበሬ ነው። ነገሩ ባሰ፤ ምክንያቱን የተረዳሁት አሁን ስለሚነካኩ ቱቦዎች የተጻፈውን ሳነብ ነው። በተጨማሪም የማሽኑን ነፋሻ ሁልጊዜ እንዲዞር ከሚያደርገው ቦታ ላይ አንሥተው በራሱ ወደሚሠራበት ይመልሱት፤ ማቀዝቀዣው በቆመ ጊዜ ነፋሻው ከቀጠለ በኮይሉ ላይ የቀረውን ውሃ እንደገና አትንኖ ወደ ክፍሎቹ ይመልሰዋል።


ጠያቂ፦

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። በሰጣችሁኝ ምክር መሠረት ለካሁ። የፍሳሽ መስመሩ ንጹሕ ነው፤ በውስጡ ያፈሰስኩት ውሃ ሳይዘገይ ወጥቷል። በዋናው ሳጥን ውስጥ 13 ዲግሪ፣ በመኝታ ክፍሉ 15፣ በመጨረሻው ክፍል ግን 18 ዲግሪ አገኘሁ። የክፍሎቹ እርጥበት 68 በመቶ ነው። በመላሹ ሳጥን ጥግ ላይ ጭሱ በግልጽ ወደ ውስጥ ተስቧል፤ ክፍተቱ የጣቴን ውፍረት ያህላል።

ሳጥኑን በከፈትኩ ጊዜ ግን ያልጠበቅሁትን አየሁ። ሳጥኑ ከተጨመቀ ፋይበርግላስ ሰሌዳ የተሠራ ሲሆን፣ በውስጠኛው ገጹ ላይ የእጅ መዳፍ በሚያህል ስፋት ጥቁር ነጠብጣብ ተሰራጭቷል። ሻጋታ ገዳይ መድኃኒት ልርጭበት ወይስ አጥቤ ልተወው? የአንደኛው አሮጌ የላሜራ ቱቦ መጋጠሚያዎች ደግሞ ነጭ ወረቀት በሚመስል ነገር ተጠቅልለዋል፤ እሱን ልጬ በማስቲክ ልተካው አስቤአለሁ።


የሕንፃ እርጥበት መርማሪ፦

ነጩን መጠቅለያ እባክዎ አይንኩት። በ20ኛው ክፍለ ዘመን፣ በተለይ ከ1980 በፊት በተሠሩ ቤቶች፣ የላሜራ ቱቦ መጋጠሚያዎች አስቤስቶስ የተባለው እሳት የሚቋቋም ጭረታም ማዕድን ባለበት ወረቀት መሰል ፕላስተር ይጠቀለሉ ነበር። ሳይነካ የቆየ አስቤስቶስ ብዙ አይበተንም፤ ሲላጥ፣ ሲፋቅ ወይም ሲቦረሽ ግን በዓይን የማይታይ ጭረቱ አየር ውስጥ ገብቶ ሳንባን ለከባድ በሽታ ያጋልጣል። በዓይን አይቶ መለየት አይቻልምና የቤቱ ዕድሜ ይህን የሚያስጠረጥር ከሆነ ለመመርመር በተፈቀደለት ባለሙያ ናሙናው እስኪታይ ድረስ ያንን መስመር ይተዉት።

ወደ ሻጋታው ስመጣ፣ የሚታጠበውንና የማይታጠበውን መለየት ያስፈልጋል። በላሜራ ገጽ ላይ ያለ ሻጋታ በሳሙናና በውሃ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ገጹ ሊያገለግል ይችላል፤ ፋይበርግላስ ግን ስፖንጅ ስለሚመስል ሥሩ ውስጥ የገባውን ማንም አጥቦ አይጨርሰውም። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ለቤት ባለቤቶች ባወጣው መመሪያ፣ የረጠበ ወይም የሻገተ የቱቦ ፋይበርግላስ ተነሥቶ መለወጥ እንዳለበት ይመክራል። መድኃኒት መርጨቱን አልደግፈውም። የሞተ ሻጋታም ቢሆን አለርጂ የመቀስቀስ አቅሙን አያጣም፤ የተረጨው ኬሚካል ደግሞ በዚያው አየር ተሸክሞ ወደ መኝታ ክፍልዎ ይሄዳል። ስለዚህ የሳጥኑን ያንን ገጽ ከነሰሌዳው ያስለውጡ። ሲነሣ ማሽኑ ይጥፋ፣ የክፍሎቹ መውጫዎች በፕላስቲክ ይሸፈኑ፣ የወጣው ሰሌዳም እዚያው በከረጢት ታስሮ ይውረድ። በቤቱ ውስጥ አስም ወይም የሰውነት መከላከያ ድካም ያለበት ሰው ካለ ይህን ሥራ ራስዎ ባይሠሩት እመርጣለሁ።

ሽታው ማሽኑ በተነሣባቸው የመጀመሪያ ደቂቃዎች ብቻ ከመጣ፣ ከሳጥኑ ሌላ ኮይሉም ሊቆሽሽ ስለሚችል አብሮ ይታጠብ። ቅደም ተከተሉ ግን እንዳይዛባ፤ እርጥቡን አየር የሚያስገባው ክፍተት ሳይዘጋ የተለወጠ አዲስ ሰሌዳ ተመልሶ ይሻግታል። የታየ እርጥበት ከ24 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ከደረቀ ሻጋታ የመብቀል ዕድሉ አነስተኛ ነው፤ የእርስዎ ሳጥን ግን ለወራት ሳይደርቅ ቆይቷል።


የማቀዝቀዣ ጥገና ባለሙያ፦

ቁጥሮቹ ጥሩ አድርገው ይናገራሉ። በ13ና በ18 መካከል ያለው የአምስት ዲግሪ ልዩነት፣ ልባሱ የተቀደደው ቱቦ የሚያገለግለው የመጨረሻውን ክፍል መሆኑን ያመለክታል፤ ተከትለው ያረጋግጡ።

ልባሱ በአንድ ቦታ ብቻ ተቀድዶ ፋይበርግላሱ ደረቅና ንጹሕ ከሆነ ቅዳጁን ገጥሞ በፎይል ፕላስተር መዝጋት ይበቃል። ፋይበርግላሱ ከጠቆረ ወይም ሲጨመቅ ውሃ ከሰጠ ያ ክፍል ተቆርጦ ይውጣ። ጥቁረቱ ሁልጊዜ ሻጋታ አይደለም፤ አየር በሚያፈስስበት ቦታ ፋይበርግላሱ እንደ ማጣሪያ አቧራ ይይዛልና ጥቁረቱ ራሱ የቀዳዳ ምልክት ነው። ልባሱን በሁለት ጣት ሲቆነጥጡት እንደ ደረቀ ቅጠል የሚፈረካከስ ከሆነ ግን ፕላስቲኩ በሙቀትና በሚያገኘው የፀሐይ ብርሃን አርጅቷል፤ እንዲህ ያለውን ቱቦ መጠገን ድካም ነው፣ ሙሉው ይለወጥ።

ተጣጣፊ ቱቦ ሲገጠም ሁለት ጊዜ እንደሚታሰር ብዙ ሰው አያውቅም። መጀመሪያ ፋይበርግላሱና ልባሱ ወደ ኋላ ተሰብስበው የውስጡ ሽፋን ብቻ በላሜራው አንገት ላይ ይገባል፤ በአንገቱ ዙሪያ ካለው ጉብታ ቢያንስ 2.5 ሴንቲሜትር ማለፍ አለበት። በማስቲክ ወይም በሁለት ዙር ፕላስተር ታሽጎ ከጉብታው በስተኋላ በፕላስቲክ ማሰሪያ ይጠበቃል። ከዚያ ፋይበርግላሱ ተመልሶ ይለብሳል፤ ልባሱም ለብቻው በድጋሚ ይታሸጋል፣ ይታሰራል። ባለፈው ዓመት የተጠቀለለው መጋጠሚያዎ የውጩ ብቻ ታስሮ የውስጡ ልል የሆነ ይመስለኛል፤ እንዲህ ሲሆን ቀዝቃዛው አየር በልባሱና በውስጡ ሽፋን መካከል ስለሚሮጥ ከውጭ ሲያዩት ጤነኛ ይመስላል። በመካከል የተቆረጠውን ለመቀጠል ቢያንስ 10 ሴንቲሜትር ርዝመት ያለው የላሜራ እጀታ በሁለቱ ጫፎች ውስጥ አስገብተው በዚሁ መንገድ ያስሩ።

የረገበውን ቱቦ ሳብ አድርገው ትርፉን ይቁረጡ። ማንጠልጠያዎቹ በየ1.2 እስከ 1.5 ሜትር ይሁኑ፤ ማሰሪያው ወደ 4 ሴንቲሜትር የሚጠጋ ስፋት ይኑረው፣ ቀጭን ሽቦ ወይም ገመድ ፋይበርግላሱን አንቆ በዚያው ቦታ ላብ ይፈጥራልና። በሁለት ማንጠልጠያዎች መካከል የሚፈቀደው ርግበት በአንድ ሜትር 4 ሴንቲሜትር ያህል ነው።

ለላሜራ መጋጠሚያዎች ገጹን ከአቧራና ከቅባት አጽድተው ማስቲኩን ወደ 2 ሚሊሜትር ውፍረት ይቀቡ፤ ከ6 ሚሊሜትር የሚሰፋ ክፍተት ላይ መጀመሪያ የፋይበርግላስ መረብ ያንጥፉ። የጣት ውፍረት ያለው የመላሽ ሳጥንዎ ክፍተት በማስቲክ ብቻ አይሞላም፤ ሰሌዳው ሲለወጥ ጥጉ በትክክል ተቆርጦ ይግጠም። ማስቲኩ በአምራቹ የተጻፈው ጊዜ እስኪያልፍ ድረስ ማሽኑን አያስነሡ፤ በእርጥብ አየር መድረቁ ይዘገያል።

በመጨረሻም መውጫው ከኮርኒሱ ጋር በሚገናኝበት ጠርዝ ዙሪያ ያለውን ስስ ክፍተት ይዝጉ። የመተላለፊያው ጠብታ ከዚያ የሚመጣ ይመስለኛል፤ ከላይ ያለው እርጥብ አየር በዚያ ክፍተት ወርዶ ቀዝቃዛውን ላሜራ ያገኘዋል።


ጠያቂ፦

ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመልሻለሁ። የመላሹ ሳጥን ገጽ ተለውጧል፣ ሁለቱ ቱቦዎች ተራርቀዋል፣ የመጨረሻው ክፍል ቱቦ ልባሱ ሲነካ የሚፈረካከስ ስለነበር ሙሉ በሙሉ ተቀይሯል። በዚያ ክፍል አሁን የምለካው 14 ዲግሪ ነው፤ የቤቱ እርጥበት 54 በመቶ ደርሷል፤ ሽታውም ጠፍቷል። መርማሪው እንደመከሩኝ በነጭ የተጠቀለለውን መስመር አልነካሁትም፤ ናሙናውን የሚወስድ ባለሙያ ቀጠሮ ሰጥቶኛል። የቀረኝ በኮርኒሱ ላይ ያለው ቢጫ ቀለበት ብቻ ነው። ቀለም ልቀባበት?


የሕንፃ እርጥበት መርማሪ፦

ገና ነው። የቀለበቱን ጠርዝ በእርሳስ አስምረው ቀኑን ይጻፉበትና አየሩ በጣም የሚከብድባቸውን ጥቂት ቀናት ያሳልፉ። ከመስመሩ ካላለፈና ሲጫኑት ጠንካራና ደረቅ ከሆነ፣ እድፍ የሚይዝ መነሻ ቀለም አስቀድመው ይቀቡት፤ ያለ እሱ ቢጫው በላይኛው ቀለም በኩል ተመልሶ ይወጣል። ሲጫኑት የሚረግብ ከሆነ ግን ያ የኮርኒስ ክፍል ተቆርጦ ይለወጥ።